መጽሐፋችን መርሳ ላይ ሁለት ወር ቆየ፤ ሳላስቀይም እንዴት ልጠይቀው?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ስድስት ሰዎች ነን። ሁላችንም ወሎ ነን፣ ግን ተበታትነናል። እኔ ደሴ ነኝ። አንዷ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሚሴ፣ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ መርሳ፣ አንዷ ወልድያ። ከሁለቱ በቀር በአካል የማውቀው የለም። አምና በጋ ላይ አንድ ልብ ወለድ በየተራ እናንብብ ተባባልን። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ደብተር። ፖስታ ሣጥን ላለው በፖስታ ይላካል፣ ለሌለው በሚኒባስ ሹፌር። ያነበበ ሰው የተሰማውን በደብተሩ ላይ በእጁ ይጽፋል፣ ከዚያ ሁለቱንም ጠቅልሎ ለቀጣዩ ያሳልፋል።

የመረጥነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ማን አላነበበውም ትሉኝ ይሆናል። እኛም እንደዚያ ነበር የምናስበው። ስንጠያየቅ ግን ከስድስታችን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቻችን ታሪኩን የምናውቀው ከሰው ወሬ፣ ከትምህርት ቤት ቅንጫቢና ከሬዲዮ ትረካው ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ሳልወለድ። የላክሁት ቅጂ የአባቴ ነው። አባቴ አሁን የለም። ሽፋኑ በጨርቅ ተጠግኗል፣ ጥቂት ገጾች ላይ በእርሳስ አስምሮባቸዋል። ሌላ ገዝቼ መላክ እችል ነበር፣ ግን ይሄኛው ሰው እጅ ገብቶ እንዲነበብ ፈለግሁ።

ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። ከኮምቦልቻ ከሚሴ፣ ከከሚሴ ተመልሶ ሐይቅ። እስከዚያ ድረስ አንዱ ሰው ጋ ከሦስት ሳምንት በላይ አልቆየም። መርሳ የደረሰው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ኅዳር እያለቀ ነው። መርሳ ያለው ወንድማችን «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ካለ በኋላ ምንም አላለም። ስልኩ አለኝ። ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ደውዬ «መጽሐፌስ?» ብለው አላመነኝም ብሎ የሚቀየም ይመስለኛል። ዝም ብል ደግሞ ወልድያ ያለችው እህታችን በየሳምንቱ «ገና ነው?» ትለኛለች። ማታ ማታ የአባቴን መጽሐፍ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። እውነቱ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ደብተሩ ነው። ከመጽሐፉ ጋር አብሮ መሄዱ ልክ ነው ትላላችሁ? የኮምቦልቻዋ በመጀመሪያው ገጽ የጻፈችው ነገር ከእሷ በኋላ ያሉትን ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ የወሰዳቸው መሰለኝ። ሁሉም በልብ ወለዱ ውስጥ እናት በልጇ ላይ ስለተሳለችው ስለት ነው የጻፉት።

የፖስታ ቤት ጡረተኛ (ደሴ)

ልጄ፣ ስለ መላኩ ልንገርሽ፣ ሌላውን ወጣቶቹ ይንገሩሽ። ዕድሜዬን ግማሽ የፖስታ መስኮት ላይ ነው የጨረስሁት።

በሹፌር መላክ ክፉ አይደለም። ሹፌሮቻችን አደራ ያውቃሉ። ግን ሹፌሩ ዕቃውን መናኸሪያ ለሚቀበለው ሰው ነው የሚሰጠው። ተቀባዩ ስልኩ ካልሠራ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል፣ ወይም አንዱ ሱቅ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። በተለይ ክረምት ላይ ዕቃ መኪና ጣሪያ ላይ ከተጫነ ዝናብ ይገባዋል።

በፖስታ ስትልኪ ሪኮማንዴ ብለሽ ላኪ። ቁጥር ይሰጠዋል፣ አንቺም ደረሰኝ ትይዣለሽ። እዚያ ሲደርስ ተቀባዩ ሣጥን ውስጥ ወረቀት ይገባለታል፣ እሱን ከመታወቂያው ጋር ይዞ መስኮት ላይ ፈርሞ ይወስዳል። ፈርሞ፣ ልብ በይ። የጠፋ እንደሆነ ቁጥሩን ይዞ መከታተል ይቻላል። መጽሐፍ መሆኑንም ተናገሪ፣ ምክንያቱም መጽሐፍና ደብዳቤ ሒሳባቸው አንድ ላይሆን ይችላል። የሚቸኩል ነገር ከሆነ ኢኤምኤስ አለ፣ እሱ ግን ከፍ ያለ ነው።

መጠቅለያው ካኪ ወረቀት ብቻ አይሁን። መጀመሪያ በላስቲክ፣ ከዚያ በወፍራም ካርቶን፣ ከዚያ በካኪ። ማዕዘኖቹን በደንብ እጠፊያቸው። መጽሐፍ የሚጎዳው ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ስንቱን አይቻለሁ። አድራሻ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም አንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስገቢ፣ የውጪው ቢቀደድ የውስጡ ይናገራል።

የአገራችን ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ያለ ነው። ሰው አሁን ደብዳቤ ስለማይጽፍ የሌለ ይመስለዋል። መጽሐፍ በፖስታ የምትላላኩ ልጆች እንዳላችሁ ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ሐይቅ ዳር

እኔ ከስድስቱ አንዱ ነኝ። ወደ መርሳ የላክሁት እኔ ስለሆንሁ ነገሩ ይከነክነኛል። ውርጌሳን አልፎ መርሳ መናኸሪያ ድረስ በማውቀው ሹፌር ነው የሰደድሁት፣ መቀበሉንም በድምፅ ነግሮኛል። ስለዚህ መጽሐፉ አልጠፋም፣ አትጨነቂ።

አንድ ነገር ላንሳ። እኛ አገር መጽሐፍ ሲንቀሳቀስ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ የብራና መጽሐፉን በማኅደር አድርጎ፣ ማኅደሩን ትከሻው ላይ አንግቶ ነው ከደብር ደብር ይዞር የነበረው። ማኅደር ማለት የቆዳ ቦርሳ ነው፣ በመጽሐፉ ልክ የሚሰፋ። እኔ ለአባትሽ መጽሐፍ ከአሮጌ ጋቢ አንድ ማኅደር ሰፍቼለታለሁ፣ ሲመለስልሽ ታይዋለሽ። ሳልነግርሽ ስላደረግሁት ይቅርታ።

ሌላም አለ። እዚህ ሐይቅ እስጢፋኖስ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ። ወንጌል ብቻ አይደለም ያለበት። በባዶው ቦታ ገዳሙ የነበሩት መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ተጽፎበታል። ይሄን ሳውቅ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በመጽሐፉ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ የደረሰበትን ከተማና ቀን እንጻፍ። ስም እንኳ ባይኖር፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሐይቅ። ከፈቀድሽ ብቻ ነው፣ የአባትሽ ስለሆነ።

ስለ ደብተሩ ግን እኔ አልስማማም። የኮምቦልቻዋ ሐሳብ አልጎተተኝም። ስለ ስለት የጻፍሁት መጽሐፉ ራሱ ስለሚያስገድድ ነው። ደግሞ ከስለቱ ይልቅ የበለጠ የጻፍሁት ስለ ጉዱ ካሳ ነው፣ አራት ገጽ። እውነት የሚናገር ሰው «ጉዱ» የሚል ስም ተለጥፎበት፣ እብድ ተብሎ ሲኖር ማየት አመመኝ። እኛ ሰፈርም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ልጆች ሆነን ድንጋይ እንወረውርበት ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ ግን ደብተሩ ላይ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ደውዪለት። ስትደውዪ ስለ መጽሐፉ አትጀምሪ። ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቂ። ራሱ ያነሳዋል።

የማታ ፈረቃ (ኮምቦልቻ)

የመጀመሪያውን ገጽ የጻፍሁት እኔ ነኝ እንግዲህ።

የጻፍሁትን በአጭሩ ልድገመው፣ ሌሎች አንባቢዎችም ይፍረዱ። ሰው ሁሉ መጽሐፉን የሚያወራው ስለ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ነው። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ውድነሽ በጣሙ ላይ ቀረሁ። ባሎቿ ስለሞቱባት ሰው የሚሸሻት ሴት። ቦጋለ መብራቱ ሲያገባት ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ፋብሪካው ካፍቴሪያ ውስጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፈገግ አልሁ። ከዚያ ልጅ ወለደች። ልጇ እንዲተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን ተሳለችው። ልጁ አድጎ ሰብለን ሲወድ ያ ስለት መሐላቸው ቆሞ ይጠብቀዋል።

እኔ የጠየቅሁት ይሄን ነው። እናት በልጇ ሕይወት ላይ መሳል ትችላለች? እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሹ ታሞ ሆስፒታል ያደርሁበትን ሌሊት አስታወስሁ። በዚያ ሌሊት ማንኛውንም ነገር እሳል ነበር። ስለዚህ ውድነሽን መኮነን አልቻልሁም፣ በዛብህንም ማየት አልቻልሁም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ነው መጽሐፉን የጨረስሁት።

እንግዲህ ይሄን ማንበብ ሌላውን ሰው የሚያበላሸው ከሆነ ደብተሩ ኋላ ኋላ ይሂድ። መጽሐፉ ይቅደም፣ አንባቢው የራሱን በሌላ ወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ደብተሩ ሲደርሰው የራሱን ሳይቀይር ይገልብጥ። እኔ አልቀየምም። ግን ሁሉም ሰው ስለ አንድ ነገር መጻፉ ለምን ያስከፋል? ወሎ ነን እኮ። ስለት የሌለው ቤት አለ እንዴ? ለግሸን ማርያም ያልተሳለ፣ ለወልይ ያልተሳለ ማን አለ?

የከሚሴ ልጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ።

እህቴ የሆጤዋ፣ አብሽሪ። መጽሐፍ ሰው ጋ ቆየ ማለት ተነበበ ማለትም ሊሆን ይችላል። አያቴ በአጀሚ የተጻፈ የመንዙማ ደብተር ነበራቸው። ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው አማርኛ። ደብተሩ ከአንዱ ወዳጃ፣ ማለትም ከአንዱ የዱዓ ስብስብ፣ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ወስዶት ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። አያቴ አልጠየቁም። ሲመለስ ሰውዬው እሱ ዘንድ ያለውን መንዙማ በባዶዎቹ ገጾች ላይ ጨምሮበት ነበር። አያቴ ያንን ሰው እስኪሞቱ ድረስ በዱዓ ይጠሩት ነበር።

ይሄን ስል ግን ዝም በዪ ማለቴ አይደለም። ያ የሌላ ጊዜ ነው፣ የአባትሽም መታሰቢያ ነው። ደውዪ።

ስለ ልብ ወለዱ እኔ የጻፍሁት አጭር ነው። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል። የመጽሐፉ አማርኛ የጎጃም ነው፣ አንዳንዱ ቃል ከበደኝ። ኮምቦልቻ ያለችው እህታችን በመጀመሪያው ገጽ ከጻፈችው የበለጠ የጠቀመኝ ከኋላ በኩል የጻፈችው የከባድ ቃላት ዝርዝር ነው። እኔም ሃያ ያህል ቃል ጨመርሁበት። ስለዚህ ደብተሩ ከመጽሐፉ ጋር ባይሄድ ኖሮ እኔ አልጨርስም ነበር። ይሄን ቁጠሩልኝ።

የወደድሁት ደግሞ አበጀ በለው ባላገሩን ይዞ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሳበትን ነው። አባቴ ስለ ጭሰኝነት የነገረኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የመርሳው

ሰላም ለሁላችሁ። መጽሐፉ እኔ ጋ ነው።

ከትናንት ጀምሮ የጻፋችሁትን እያነበብሁ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር አጥቼ ነው የዘገየሁት። የሆጤዋ እህቴ፣ በጣም ይቅርታ። እንቅልፍ እንደነሳሁሽ አላወቅሁም። አንድ ቃል መላክ ነበረብኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። እናቴ ዓይኗን በሞራ ምክንያት አታይም። መጽሐፉ የመጣ ዕለት ከማኅደሩ ሳወጣው ድምፁን ሰምታ «ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። «እሱን እኮ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ» አለች። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ማለቷ ነው። ልጅ ሳለሁ እሱ ሲጀምር ቤታችን ውስጥ ማንም አይናገርም ነበር፣ ያን እኔም አስታውሳለሁ። ከዚያ «ትንሽ አንብብልኝ» አለች። አንድ ገጽ አነበብሁ። «ቀጥል» አለች።

በማግስቱ ቡና ሲፈላ ጎረቤቶች መጡ። ከመሐል እንዳይሆንባቸው ከመጀመሪያው ጀመርሁላቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ማታ ነው። አቦሉ ሲቀዳ እንጀምራለን፣ በረካው ሲያልቅ እናቆማለን። መብራት ከሌለ በስልኬ ባትሪ አነባለሁ። አንዳንድ ቀን አምስት ሰው ነው፣ አንዳንድ ቀን አሥር። አርብ ቀን ከመስጊድ መልስ የሚገቡ ሁለት አዛውንትም አሉ። ስለዚህ ለብቻዬ ባነበው በሁለት ሳምንት እጨርሰው የነበረው መጽሐፍ አሁን እንኳ አላለቀም። በየቀኑ «ነገ እጽፍላታለሁ» እል ነበር። «እናቴ ጋ መጽሐፉን እያነበብሁ ነው፣ አልጨረስሁም» ማለት ሰበብ መስሎ እንዳይታይ ፈራሁ።

ደብተሩ ላይ የራሴን ገና አልጻፍሁም። የጻፍሁት የእነሱን ነው። እናቴ ታቋርጠኛለች። «አትቸኩል፣ የሬዲዮው ሰውዬ እዚህ ጋ ትንሽ ዝም ይል ነበር» ትለኛለች። እኔም ዝም እላለሁ። ልክ ናት፣ ዝም ሲባል ሰው ሁሉ ያዝናል።

ስለ ስለቱ ደግሞ ስሙልኝ። ውድነሽ የተሳለችበት ጋ ስንደርስ እናቴ «የተሳለችው እሷ፣ ከፋዩ እሱ!» አለች። በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን የሚሄዱ አንድ ጎረቤታችን ተቆጡ። «ልጅሽ ሲያጣጥር አላየሽም ማለት ነው» አሏት። ቤቱ ጭጭ አለ። እናቴ ትንሽ ቆይታ እንዲህ አለች፦ «አይቻለሁ። ይሄን ልጅ ነው ያየሁት። የዚያን ጊዜ ለግሸን ማርያም የተሳልሁት በእግሬ አምባውን ልወጣ ነው። እግሩ የእኔ ነው፣ የእሱን እግር አልሰጠሁም።»

እኔ መታመሜንም፣ እናቴ በእግሯ ግሸን መሄዷንም አላውቅም ነበር። ዕድሜዬ አርባ ሁለት ነው። በዚያ ማታ ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልሁም። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ይሄን ሁሉ ጽፌዋለሁ። የኮምቦልቻዋ እህቴ ጥያቄ ከፊት ባይኖር እናቴን «ምን ትያለሽ?» ብዬ አልጠይቃትም ነበር። ደብተሩ አብሮ ይሂድ እላለሁ።

አሁን ወደ መጨረሻው ተቃርበናል። ግን መጽሐፉ የአንቺ ነው። ላክ ካልሽኝ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ወስጄ እሰጣለሁ፣ ለእናቴም እነግራታለሁ፣ አትቀየምም።

ወልድያ ላይ የምጠብቀው

ተራው የእኔ ነው፣ ስለዚህ እኔም ልናገር። እስካሁን ጎትጓች እኔ ነበርሁ፣ አሁን ግን ወንድሜ፣ አትላክ!

መርሳ ለእኔ ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም። እናትህ ከፈቀዱ መጥቼ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጬ ልስማ። ቡናና ስኳር ይዤ እመጣለሁ። የመጨረሻውን ሳታነብ ጠብቀኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅህም። በኋላ መጽሐፉን ራሴ ይዤ እመለሳለሁ፣ ለብቻዬ እንደገና አነበዋለሁ። ሹፌርም ፖስታም አያስፈልገንም።

የፖስታ ቤት ጡረተኛ (ደሴ)

እንዲህ ከሆነ እኔም በፖስታ ላኩ ያልሁትን ትቻለሁ። በሰው እጅ ይሂድ። ወልድያ ከደረሰ በኋላ ወደ ደሴ ሲመለስ ግን ሪኮማንዴ ይሁን።

የሆጤዋ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጡረተኛው አባቴ፣ አላላካችንን አስተካክለውልናል፣ እሺ እንዳሉት ይሆናል። ሐይቅ ዳር፣ ማኅደሩን ሳላየው ወደድሁት፣ የከተሞቹንም ስም ጻፉ። የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ገጽ በተመለከተ ያልሁትን አንስቻለሁ።

የመርሳው ወንድሜ፣ ትናንት ማታ የጻፍኸውን ለእናቴ አነበብሁላት። ሁለታችንም አለቀስን። አባቴም እንደዚህ ነበር የሚያነብልን፣ እራት ተበልቶ ሲያበቃ፣ ጮክ ብሎ። ከሞተ በኋላ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው የለም። እኔም መጽሐፉን ከመላኬ በፊት ለብቻዬ ነበር ያነበብሁት። ለምን ለእናቴ እንዳላነበብሁላት አሁን ራሴን እየጠየቅሁ ነው። ሲመለስ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ ተነጋግረናል።

አትላክ። ጨርሱት። የወልድያዋም ትምጣ። እናትህን ጉልበት ሳምልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ጉዱ ካሳ የሚናገርበት አንድ ገጽ ላይ አባቴ በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስምሯል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርጓል። ምን ሊጠይቅ እንደነበር ብዙ አስቤ አላገኘሁትም። አልፋችሁት ከሆነ አንድ ቀን በአቦል ላይ ተመለሱና ያንን ገጽ ድጋሚ አንብብላቸው። እናትህ ምን እንዳሉ፣ አዛውንቶቹም ምን እንዳሉ፣ እንዳለ ጻፍልኝ።